ማንጎው ነው ወይስ ክኒኑ?

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አክስቴ አንድ ጣሳ ይዛ ቤቴ መጣች። የሮማን ልጣጭ ዱቄት ነው። በቴሌግራም አዝዛ፣ አንድ ልጅ በሞተር አምጥቶላት ነው የገዛችው። ጣሳው ላይ ለአንጀት ቁስለት፣ ለጨጓራ፣ ለኪንታሮት፣ ለስኳር ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደማቁ «በሳይንስ የተረጋገጠ» ተብሎ ተጽፏል።

«ቀን ሦስቴ አንዳንድ የሾርባ ማንኪያ ነው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ማን ነው ያረጋገጠው?»

«ሳይንስ ነዋ! አስተማሪዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

አስተማሪዋስ እኔ ነኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ማታውን ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ማታ ይበቃኛል ያልኩት ነገር ሦስት ወር ፈጀ፣ መጨረሻው ላይ በራሴ አንጀት ሙከራ እስከ መሥራት አደረሰኝ። ሙከራው ምን እንዳሳየኝ ልንገራችሁ፣ ትንሽ የሚያሳፍር ነገርም አለበት።

መጀመሪያ ሕመሜን ላስተዋውቃችሁ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የትልቁን አንጀት የውስጥ ግድግዳ እንደ ጠላት ይዞ ያስቆጣዋል። ግድግዳው ይቆስላል፣ ይደማል። ደግሞ ይነሳል፣ ይተኛል። ሲተኛ ሰው ነኝ። ሲነሳ ግን ከቤት ከመውጣቴ በፊት የማስበው መንገዱ ላይ መጸዳጃ ቤት የት የት እንዳለ ነው፤ ከሰፈሬ እስከ ትምህርት ቤቴ ያሉትን ካፌዎች በማኪያቷቸው ሳይሆን በሽንት ቤታቸው ነው ለይቼ የማውቃቸው። ዘመዱ ክሮንስ ደግሞ ከአፍ እስከ መቀመጫ የትም ሊወጣ ይችላል፣ ግድግዳውንም ዘልቆ ይገባል።

እስኪታወቅልኝ ስምንት ወር ፈጅቷል። መጀመሪያ ደም ሳይ አሜባ ነው ተባልኩ። ሁለተኛ ጊዜም አሜባ። ሦስተኛው ላይ ታይፎይድ ተጨመረበት። የወሰድኩትን መድኃኒት ሁሉ ብቆጥር አንድ ትንሽ ፋርማሲ እከፍት ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ አዘዘልኝ፣ ከግድግዳው ቁራጭ ተወሰደ፣ ነገሩ ለየ። የቀደሙትን ሐኪሞች ግን አልወቅስም። እኛ አገር ደም ያለበት ተቅማጥ ሲመጣ አሜባን፣ ሺጌላ የሚባለውን ባክቴሪያ፣ የአንጀት ቲቢን ማሰብ ግድ ነው። ተገላቢጦሹም ያስፈራል፦ አሜባ ያለበት ሰው ኮላይቲስ ነው ተብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ፕሬድኒሶሎን ቢጀመርለት አሜባው ሊብስበት፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ደም እያያችሁ ያልተመረመራችሁ ካላችሁ፣ ስለ ማንጎ የምጽፈውን ተዉትና ተመርመሩ።

ወደ ጣሳው ልመለስ።

ፍሬ የአንጀት መቆጣትን ያስታግሳል የሚሉት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአይጥ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትንሽም ያሳዝናል። ዲኤስኤስ የሚባል ኬሚካል አለ። አይጦቹ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ከመቶ ሁለት እስከ አምስት እጅ ያህል ይጨመርና ለሳምንት ገደማ ይጠጡታል። ኬሚካሉ የአንጀቱን ሽፋን ይጎዳዋል፣ ባክቴሪያው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ የመከላከያ ሴሎቹ ይተማሉ። አይጧ ትከሳለች፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ይይዛታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁት የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው፣ እስከ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ሌላም መንገድ አለ፤ ኢንተርሊውኪን 10 የሚባለውን ቁጣ አብራጅ ፕሮቲን መሥራት የማይችሉ ሆነው የተፈጠሩ አይጦች አሉ፣ እነሱ አንጀታቸው ኬሚካል ሳይነካው በራሱ ይቆጣል።

ከዚያ አይጦቹ ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። አንዱ ዲኤስኤስ ብቻ። ሌላው ዲኤስኤስ ከፍሬው ጋር። በየቀኑ ይመዘናሉ፣ ሰገራቸው ይታያል፣ ደም አለው የለውም ይባላል፣ ነጥብ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ይገደሉና አንጀታቸው ወጥቶ በማስመሪያ ይለካል፣ ምክንያቱም የተቆጣ አንጀት ያጥራል። አዎ፣ በማስመሪያ! ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው የቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ እነ ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሊውኪን 6 የሚባሉት የቁጣ መልእክተኞች ይለካሉ። ፍሬ የበላው ቡድን አንጀቱ ረዘም፣ ቁጣው በረድ ብሎ ከተገኘ «ያስታግሳል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ውሸት አይደለም። አይጧን አስታግሷታል።

ችግሩ አይጧ በምን ተሻላት የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስተርክ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ የሚያንቀላፋ፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ውሃው መሮት አይጡ ባይጠጣውስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ልክ ነው። ፍሬው የተጨመረው እዚያው ኬሚካሉ ያለበት ውሃ ውስጥ ከሆነና ጣዕሙ አይጧን ካስጠላት ትንሽ ትጠጣለች፣ ትንሽ ከጠጣች ኬሚካሉም ያንሳል፣ ኬሚካሉ ካነሰ አንጀቷ ብዙም አይቆጣም። ፍሬው ምንም ሳይሠራ የሚመሰገነው እንዲህ ነው። ጥንቁቅ ተመራማሪ በየቀኑ የተጠጣውን ውሃ ይለካል፣ ወይም ፍሬውን ለብቻ ያበላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የውሃውን ልክ ነው። ልጁ አሁንም ያንቀላፋል።

ሌላው ጊዜው ነው። በብዙዎቹ ጥናቶች ፍሬው የሚጀመረው ከኬሚካሉ በፊት ነው፣ አንዳንዴ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀድሞ። ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ እንደ መዘርጋት ነው። እኔ ደግሞ ዝናቡ ውስጥ ከቆምኩ አራት ዓመቴ፣ በስብሻለሁ። በዚያ ላይ ዲኤስኤስ የተሰጣት አይጥ ኬሚካሉ ሲቆምላት በአብዛኛው በራሷ ታገግማለች። የእኔን የሚያቆም ሰው የለም።

ሦስተኛው መጠን ነው፣ አክስቴን የተከራከርኳትም በዚህ ነው። የአይጥን መጠን በቀጥታ በሰው ኪሎ ማባዛት አይቻልም። ትንሽ እንስሳ ምግቡንም መድኃኒቱንም ቶሎ ቶሎ ያቃጥላል፣ ስለዚህ በኪሎ የተሰጣት ለሰው ሲሰላ በ12 ነጥብ 3 ይካፈላል። ለአይጧ በኪሎ 300 ሚሊግራም ከተሰጣት ለሰው በኪሎ 24 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን እንደኔ ላለች ሴት በቀን አንድ ግራም ተኩል የማይሞላ ማለት ነው። ማካፈሉን የረሳ ሰው ግን 18 ግራም ይላል። የጣሳው ማንኪያ የመጣው ከእንዲህ ያለ ሒሳብ ይሁን ከባለ ሱቁ ጭንቅላት እንጃ፣ ብቻ የወጥ ቤቴ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ሦስቱ ማንኪያ ከ20 ግራም በላይ መጣ።

ደግሞም ዱቄትና ኤክስትራክት አንድ አይደሉም። ላቦራቶሪ ውስጥ ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፣ በአልኮልና በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ፈሳሹ ተኖ የቀረው ነው የሚሰጠው። ገለባው (ፋይበሩ) አብዛኛው ተጣርቶ ወጥቷል፣ ቀለሙና መራራው ተከማችቷል። ማንጎና የማንጎ ኤክስትራክት ጠላና አረቄ ናቸው በሉት። በአረቄ የተሠራ ሙከራ ስለ ጠላ ብዙ አይነግራችሁም።

የሮማን ልጣጭ ታኒን የሚባል ነገር ሞልቶታል፣ ሲበሉት አፍ የሚያደርቀው እሱ ነው። ታኒን ከምግብ የሚገኘውን ብረት ይይዝና እንዳይገባ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ስለምደማ ደም አንሶኝ የብረት ክኒን እውጣለሁ። ይህን ስነግራት አክስቴ ጣሳውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «እንግዲያው እኔ ለስኳሬ እጠጣዋለሁ» አለች። ስኳር የለባትም።

አክስቴን ግን አልስቅባትም። ፍሬ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ለአበሻ ማስተማር አያስፈልግም፤ እንቆቆም እኮ ፍሬ ነው፣ ስንቱን ኮሶ ሲያስወጣ ኖሯል። ልዩነቱ የኮሶ ትል ወጣ አልወጣ በዓይን መታየቱ ነው። ጠጣህ፣ ወጣ፣ አለቀ። የእኔ በሽታ ግን በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይተኛል። እየተኛ ባለበት ሳምንት የጠጣሁት ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው የሚመስለኝ፣ ፌጦ ይሁን ተልባ ይሁን ጸበል ይሁን። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ደግሞ ሲብስበት ነው፣ ከባሰበት በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ ሻል ያለ ነው።

በሰው ላይ የተሞከረስ የለም ወይ? አለ። በጣም የወደድኩት የዙሪኩ ነው። ቢልቤሪ የሚባል የአውሮፓ የዱር ፍሬ አለ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ምላስ የሚያቀልም። ዝምድና የላቸውም እንጂ አጋምን አስቡ። (ልጅ ሆነን አጋም ለቅመን ስንመለስ እጃችን በእሾህ ተቧጭሮ፣ ከንፈራችን ጠቁሮ፣ እናቴ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል» እያለች ነበር የምትቀበለን።) ያንን ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን ይባላል። አብዛኛው በላይኛው አንጀት ሳይመጠጥ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ስለዚህ ቁስሉ ያለበት ቦታ ድረስ መድረሱ አሳማኝ ነው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሙከራ 13 የኮላይቲስ ሕሙማን በቀን 160 ግራም የቢልቤሪ ዝግጅት ለስድስት ሳምንት በሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታቸው ተኛ። ካልፕሮቴክቲናቸውም ወረደ።

ካልፕሮቴክቲንን ማወቅ አለባችሁ፣ በኋላ ስለሚመጣ። ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። አንጀት ሲቆጣ ሴሎቹ ወደዚያ ስለሚጎርፉ ሰገራ ውስጥ ይገኛል። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ጥሩ ነው፣ ከ250 ካለፈ አንጀቱ ተቆጥቷል ይባላል። ጥቅሙ ሰው ስሜቱን ሊያታልል ይችላል፣ ሰገራውን ግን አያታልልም።

የዙሪኩን ሙከራ ያስወደደኝ መጨረሻው ነው። ሰዎቹ ፍሬውን ሲያቆሙ ካልፕሮቴክቲናቸው ተመልሶ ወጣ። ስትሰጥ ወረደ፣ ስትወስድ ወጣ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ሆኖም 13 ሰው ነው፣ ሁሉም ፍሬውን እንደሚበሉ ያውቃሉ፣ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድንም የለም። እዚህ በሽታ ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ምንም የሌለው ማስመሰያ ክኒን የወሰዱ ሰዎች እንኳ ከሦስት አንዱ ገደማ «ተሻለኝ» ይላሉ። ስለዚህ እነዚያው ተመራማሪዎች የሚገባውን አደረጉ፤ የፍሬውን ኤክስትራክት ከማስመሰያ ጋር አድርገው፣ ማን የቱን እንደወሰደ ሳይታወቅ፣ በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። ዕጣ የወጣላቸው 34 ሰዎች ነበሩ። ኤክስትራክቱን የወሰዱት ካልፕሮቴክቲናቸው ወርዷል፣ ነገር ግን ዋናው መለኪያ ላይ፣ ማለትም ሕመሙ መሻሉ ላይ፣ ከማስመሰያው በለጠ ለማለት የሚያበቃ ልዩነት አልተገኘም። የመጀመሪያውን ጥናት የሚጠቅስ ሻጭ ሞልቷል። ሁለተኛውን የጠቀሰ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ማንጎ ላይ ደረስኩ፣ ጣጣዬም እዚያ ጀመረ። ቢልቤሪ ከየት አመጣለሁ? ማንጎ ግን በራፌ ላይ በጋሪ ይመጣል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው አነስተኛ ሙከራ አለ። አሥር ሕሙማን፣ በቀን ከ200 እስከ 400 ግራም ማንጎ፣ ስምንት ሳምንት፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ። የሕመም ነጥባቸው ተሻሻለ፣ ሌላው የቁጣ መልእክተኛ ኢንተርሊውኪን 8 ደማቸው ውስጥ ቀነሰ፣ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በረከቱ። አሥር ሰው! ቢሆንም ጓጓሁ። ኤክስትራክት አይደለም፣ ራሱ ማንጎው ነው። ቢያንስ ይጣፍጣል።

ሐኪሜን ጠየቅኩት። «ዶክተር፣ ማንጎ መሞከር እችላለሁ?» ሳቀ። የጠበበ አንጀት ያለባቸው የክሮንስ ሕሙማን ልጣጭና ገለባ የበዛበት ነገር ሊዘጋባቸው ስለሚችል እንዲጠነቀቁ ይመክራል፣ እኔ ግን ያ የለብኝም። «ብዪ» አለኝ፣ «የኮላይቲስ ክኒንሽን እንዳታቆሚ ብቻ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ደብተር ገዛሁ። በሕማማት ሳምንት ሰገራዬን አስመረመርኩ። ዋጋው የአስተማሪ ደመወዝ አያውቅም። 412 ወጣ። ተቆጥቷል። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ጀመርኩ፣ በቀን 200 ግራም የተላጠ ማንጎ፣ በሚዛን፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር። ደብተሩ ላይ መስመር አሰመርኩ፦ ስንት ጊዜ ወጣሁ፣ ደም አለ የለም፣ ሆዴ ቆረጠኝ አልቆረጠኝም፣ ማንጎ በላሁ፣ ክኒን ዋጥኩ። ማንጎ ሻጩ ሁልጊዜ «የአሶሳ ነው» ይለኛል፣ የዓርባ ምንጭ የሚመስለውንም ጭምር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደሙ ቆመ። አምስተኛው ላይ ሌሊት መነሳት ተውኩ። ስድስት ሳምንት ሲሞላ አስመረመርኩ፣ 168። ከደስታዬ ብዛት ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላት። እሷ ለእድሯ ሴቶች በሙሉ ላከችው። አሁን ሰፈራችን ውስጥ ማንጎ የተወደደው በእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ማታውን ብሎግ ልጽፍበት ተቀመጥኩ። ርዕሱን ሁሉ ጽፌ ነበር፣ «ማንጎ አዳነኝ» የሚል ዓይነት። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ። «ክኒን ዋጥኩ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ምልክት አለው፣ አንድም ቀን አልጎደለም። እና ደስ አለኝ፣ ጎበዝ ልጅ አልኩ ራሴን። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ በፊትስ?

የኮላይቲሱ ክኒኔ ሜሳላሚን ይባላል፣ ቀን ሁለቴ፣ ከምግብ ጋር ነው የምወስደው። ጾሙ ሲገባ 120 ፍሬ ገዝቼ ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ስለዚህ ለፋሲካ መቅረት የነበረበት አሥር ነው። የፋሲካ ማግስት ግን መሳቢያዬ ውስጥ 57 ነበር። ይህን የማውቀው አዲስ ሳልገዛ ለሳምንታት በዚያው ስለቆየሁ ነው። 47 ክኒን አልዋጥኩም ማለት ነው። ለምን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም። ከምግብ ጋር ተብያለሁ፣ ጠዋት ምግብ የለም፣ ስለዚህ የጠዋቱን አልፈዋለሁ፣ ማታም አንዳንዴ ደክሞኝ እተኛለሁ። የንስሐ አባቴ ገና ሲጀመር «ልጄ፣ በሽተኛ ነሽ፣ አትጹሚ» ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ጾምኩ። ለሐኪሜም አልነገርኩትም፣ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ፣ ከዚህ በሽታ አገግመው ሜሳላሚን የሚወስዱ 99 ሰዎችን የተከታተለ። ከታዘዘላቸው ከ80 በመቶ በታች የወሰዱት ሰዎች በሽታው የሚመለስባቸው ዕድል ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። እኔ ደግሞ ስንት? ከ110 ውስጥ 63፣ 57 በመቶ። 412 የሚለው ቁጥር ማንጎ ያጣ አንጀት ሳይሆን ክኒን ያጣ አንጀት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደብተር መጣ፣ ደብተሩ ላይ የክኒን ዓምድ አለ፣ ባዶ ሳጥን ደግሞ ዓይን ይወጋል፣ ስለዚህ በታማኝነት መዋጥ ጀመርኩ። ማንጎውን ለመፈተን ያወጣሁት ደብተር ራሱ መድኃኒት አስዋጠኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው። ስድስቱ ሳምንት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያረፈው። በጾሙ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በርበሬው የላቀ፣ ያውም በባዶ ሆድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተጠራቅሞ። በሃምሳው ቀን እንቁላል፣ ዓሣ፣ አልጫ፣ ቁርስ በሰዓቱ። የተለወጠው ማንጎው ብቻ መስሎኝ ነበር፣ የተለወጠው ሕይወቴ በሙሉ ነበር። አይጦቹ በዚህ ይበልጡኛል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መኖ ይበላሉ፣ አንዳቸውም ጾም አይፈቱም።

ዙሪኮቹን አስታወስኩና ማንጎውን አቆምኩ። ክኒኑን ቀጠልኩ። የሰኔ ጾም ገባ፣ በዚህ ጊዜ የንስሐ አባቴን ሰማሁ፣ አልጾምኩም። ማንጎ ካቆምኩ አራት ሳምንት ሲሞላ ሦስተኛውን ምርመራ አደረግኩ። 154።

አልተመለሰም። እንዲያውም ትንሽ ወርዷል፣ ግን ይህ ምርመራ ከቀን ቀን ከዚህ በላይ ስለሚዋዥቅ 168ንና 154ን አንድ አድርጌ ነው የምቆጥራቸው። ማንጎው ቢሆን ኖሮ እንደ ዙሪኮቹ ተመልሶ ይወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ማንጎው ምንም አልሠራም ብዬ ግን አልምልም። ምናልባት ትንሽ ገፍቶ ይሆናል፣ ከክኒኑ ጫጫታ በላይ ድምፁ አልተሰማም እንጂ። ለመለየት ክኒኑን አቁሞ ማንጎውን ብቻ መብላት ነበረብኝ፣ ያንን ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው እንዳያደርገው። ቴክሳሶቹም ያላስቆሙት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ፣ በሮማን ላይ ያነበብኩት። ሮማን ውስጥ ያለውን ነገር የአንጀት ባክቴሪያዎች ሰባብረው ዩሮሊቲን የሚባል ነገር ያደርጉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩሮሊቲን ኤ የአይጥን የአንጀት ግድግዳ እንደሚያጠብቅ፣ ቁጣውንም እንደሚያበርድ አሳይተዋል። የሚገርመው ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሁሉም ሰው ዘንድ የሉም። እኔና አክስቴ ከአንድ ጣሳ እኩል ብንጠጣ ለእሷ ዩሮሊቲን፣ ለእኔ የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ነገር ገለባ ላይም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ዓይነት ገለባ፣ የሚያፈጩት ባክቴሪያዎች በጎደሏቸው አንዳንድ ሕሙማን ላይ ቁጣውን ሊያብስ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ጎረቤቴን ያዳነ ፍሬ ስትሉኝ፣ የጎረቤታችሁ ባክቴሪያ ስንት ይከራያል እላለሁ።

«ማንጎ አዳነኝ» የሚለውን ርዕስ አጠፋሁት። አክስቴ ግን ለእድሯ አስተባብላ መልእክት ለመላክ ፈቃደኛ አይደለችም። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፣ ክኒኑን፣ ጾሙን፣ 154ን። የሚመጣው ዓመት ማንጎ ሲደርስ እንደገና እሠራዋለሁ አልኳት፣ በዚያኛው ጊዜ ክኒኑም ምግቡም ሳይለወጥ፣ ሁለት ሳምንት ከማንጎ ጋር፣ ሁለት ሳምንት ያለ ማንጎ፣ እያፈራረቅኩ። የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው አልኳት፦ በደንብ የተሠራ ሙከራ ላይ ሰውዬው ምን እየወሰደ እንደሆነ ማወቅ የለበትም፣ ማንጎን ግን እንዴት አድርጎ ይደበቃል፣ ፓፓያ ብትጨምቂልኝም እለየዋለሁ።

ስኒዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠጪዋ» አለችኝ።